የበሬው ጥርስ ያልታየኝ ቀን

እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለች ሉካንዳ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እጄ ምን እንደለመደ እንድታውቁት ነው። ብረት ይዞ ውሎ ብረት ይዞ የሚያመሽ እጅ ነው፤ በዚያ ላይ የባለቤቱ ቁጣ አፍንጫው ላይ ነው። «ሚዛንህ ጎደለ» ያለኝን ደንበኛ በጥፊ ብዬ ጠጅ ቤት ድረስ አሳድጄው አውቃለሁ። ሚዛኑ ደግሞ ጎድሎ ነበር።

ከሉካንዳዬ ፊት ለፊት በየቀኑ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች ያልፋሉ። ነጫጭ ዘንጎቻቸው አስፋልቱን ኳ ኳ ሲያደርጉ ከሰማሁ ያኔ ፊቴን ወደ ሥጋው አዞር ነበር። ልጆቹን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ይህ ከመሆኑ አምስት ዓመት በፊት ስኳር እንዳለብኝ ሲነገረኝ ነርሷ «ዓይንህንም ታየው» ብላኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የዚያን ዘንግ ድምፅ እፈራው ነበር። ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ስለ ዓይኔ ከጠየቀኝ «የዝንብ እግር እቆጥራለሁ» እል ነበር።

ሚስቴ መሰረት ግን ፉከራዬን ታውቀዋለች። አምስት ዓመት ስትለምነኝ አምስት ዓመት «ሉካንዳውን ለማን ልተው?» ስላት ኖርን። ያን ዓመት ሁዳዴ አጋማሹን ሲያልፍ ጠዋት በር ላይ ቆመች።

«ዛሬ ሰበብህ ምንድን ነው? ጾም ነው፣ ሉካንዳው ዝግ ነው፣ ቢላዋው ዘይት ተቀብቶ ተሰቅሏል።»

«ለፋሲካ በሬ አልገዛም እንዴ?»

«በሬው አይጠፋም። ዓይንህ ግን…» ብላ ጫማዬን አቀበለችኝ። ያን ጊዜ አጠለቅሁት።

ወሰደችኝና የዓይን ክሊኒኩ በር ላይ አድርሳኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። የዓይን ፎቶ የሚያነሳው ባለሙያ ቶላ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድምፁ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ ነው። ስልኬን መዝግቦ አስቀመጠኝና ጠብታ ይዞ መጣ።

«ጋሼ ጌታቸው፣ ይሄ ጠብታ ብሌንዎን ይከፍተዋል። ማሽኑ ከዓይንዎ በስተኋላ ያለውን ስስ ግድግዳ እንዲያየው ነው፤ ሬቲና ይባላል። ጠብታው ታዲያ ለጥቂት ሰዓት…»

ስልኬ ጮኸ። የከብት ደላላው ታምሩ ነው። «ጌች! ከተጂ የመጡት በሬዎች ገብተዋል! አንተ ካልመጣህ ሌላ ሰው ይወስዳቸዋል!»

ለቶላ በእጄ ቀጥል አልኩት። እሱ በአንድ ጆሮዬ ይናገራል፣ ታምሩ በሌላው ይጮኻል። ቶላ «ገብቶዎታል?» ሲለኝ «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አልኩት። ምንም አልገባኝም ነበር። ጠብታው ትንሽ ቆጠቆጠኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቄ አገጬን ማሽኑ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ፤ አንድ ብልጭታ ለቀኝ፣ አንድ ብልጭታ ለግራ። ከዚያ ዶክተሯ እስክትጠራኝ እንድቆይ ነገረኝ። ሌላ ታካሚ ሲያስገባ ጠብቄ በጀርባ በር ሹልክ አልኩ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

ውጭ ስወጣ ፀሐይዋ በጥፊ መታችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእጄ ከልዬ ሄድኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ አንድ ጥቁር ጭረት ሆነብኝ፤ ታምሩ መስሎኝ «መጣሁ» አልኩና ሳላነሳው ኪሴ ከተትኩት። እንደገና ጮኸ። አሁንም ተውኩት።

በሬዎቹ ከሉካንዳዬ ጀርባ ባለው ግቢ ታስረዋል። እኔ በሬ በጥርሱ ነው የምገዛው፤ ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚገዛው፤ ደላላ ይዋሻል፣ ጥርስ አይዋሽም ይል ነበር። ትልቁን ቀይ በሬ አፍንጫውን ይዤ ከንፈሩን ገለጥኩና ጎንበስ አልኩ።

ጥርስ የለም። ነጭ ነገር አለ፣ እንደ ፈሰሰ ወተት የተበተነ። ቀረብኩ፤ ባሰ። የገዛ ጣቶቼን አየሁ፤ የጣቶቼ ጫፍ የለም።

«ስንት ጥርስ ነው?» አለ ታምሩ።

«አይታየኝም።»

«ምን?»

«አይታየኝም እኮ ነው የምልህ!»

ጩኸቴ በሬውን አስበረገገው። ቀንዱ ሲመጣ አላየሁትም፤ ጎኔ ላይ ሲያርፍ ብቻ አወቅሁ። መሬት ላይ ተዘረርኩ፤ ሸሚዜ ከብብቴ እስከ ወገቤ ተቀደደ። ታምሩ ገመዱን ባይስበው ኖሮ በሁለተኛው ይጨርሰኝ ነበር። አቧራ ላይ ተቀምጬ የሚደማውን ጎኔን ትቼ እጄን ዓይኔ ፊት እያመላለስኩ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ የዘንጉ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ኳ ኳ አለ።

«ምን አደረጉህ?» አለ ታምሩ።

«ጠብታ።»

«ጠብታ?! በቃ፣ አጥፍተውሃል! አጎቴንም በጠብታ ነው ያጠፉት!» ብሎ ጮኸ። አጎቱ የሞተው በጉበት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንገድ ወጣ። ጎማ ጠጋኙ መጣ፣ የሚኒባስ ረዳቶች መጡ፣ ሁዳዴ ሥራ ያስፈታቸው የሌላ ሉካንዳ ቆራጮች መጡ። «የጌታቸውን ዓይን አጠፉት!» ይባባላሉ። እኔ ወደ ሉካንዳዬ ገብቼ እጄን ግድግዳው ላይ አንከራተትኩ። የፈለግሁት ቢላዋውን ነበር። እግዜር ይመስገን አልታየኝም፤ እጄ ያገኘው ቢላዋ የምስልበትን ሞረድ ነው። ክንድ የሚያክል ድፍን ብረት ነው።

በር ላይ ሐጂ ከድር ያዙኝ። ከጎኔ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ በቁጣ ተናግሬያቸው አላውቅም።

«ጌታቸው፣ ተው። መጀመሪያ ጠይቅ፣ ልጄ።»

«የአንቱ ዓይን ያያላ፣ ሐጂ! የኔ ጠፍቷል!» ብዬ ክንዳቸውን ወረወርኩት።

ክሊኒኩ ስንደርስ ከሠላሳ ሰው በላይ ሆነናል። በሩን በእግሬ ስለው መስታወቱ ረገፈ። ሴቶች ጮኹ፣ አንድ አሮጊት ከወንበር ወደቁ። የማየው ጥላ ጥላ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ነጭ ጋዋን ቆሟል። እጁ ላይ ስልክ ይዟል።

«ጋሼ ጌታቸው!» አለ ያ የተረጋጋ ድምፅ። «እየደወልኩልዎት ነበር እኮ! ዓይንዎ…»

«ዓይንዎ» ሲለኝ የሚያላግጥብኝ መሰለኝ። ሞረዱን አነሳሁና አሳረፍኩት።

የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ፊቱ ላይ ነው። ፊቱን አላየሁትም፣ እውነቴን ነው፤ ነጭ ጋዋን ነበር፣ ከዚያ ከላይ ጀምሮ ቀይ እየሆነ ወረደ። እጄ ላይ ሙቅ ነገር ተረጨ። የበሬ ደም ስንቱን ዘመን ታጥቤዋለሁ፣ ይኼኛው ግን ሌላ ነው፤ ሰውነቴ ወዲያው አወቀው። ቢያውቀውም እጄን እንደገና አነሳሁ። ከኋላዬ ድንጋይ ይዘንባል፣ መስኮት ይረግፋል። አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲከሰከስ ሰማሁ፤ የፎቶ ማሽኑ ነበር።

ሦስተኛውን ያስቀረው አንድ ሰው ክንዴ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሐጂ ከድር ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ደርሰዋል።

«ግደለኝ እኔን!» ይላሉ። «ግደለኝና እሱን ተወው!»

ዶክተሯ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የቶላን ጭንቅላት ይዛ ትጮኻለች። ፖሊስ ሲመጣ ለጠብ ከመጣነው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ታምሩ የት እንደገባ እሱም አያውቅም።

ጣቢያ አስገቡኝ። ጎኔ እያበጠ፣ ደም የነካው እጄ እየደረቀ፣ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። «ዓይኔን አጥፍቶብኝ ነው» እያልኩ ለታሳሪው ሁሉ እለፈልፋለሁ፤ አንዳንዱ «ደግ አደረግህ» አለኝ። ቀኑ ገፋ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ በመስኮቷ ገብታ ግድግዳው ላይ ስታርፍ አንድ ጭረት አየሁ። ከዚያ ጭረቱ ፊደል ሆነ። ታሳሪ በምስማር የፋቀው ነው። ሳልፈልግ አነበብኩት፦ «እማዬ ይቅር በይኝ»።

እንደገና አነበብኩት። ከሥሩ ያለውን ቀንም አነበብኩ። የእጄን መስመሮች አየሁ፤ በየመስመሩ ውስጥ የደረቀው ደም ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ዓይኔ አልጠፋም። ዓይኔ ድሮም አልጠፋም ነበር። ያን ጊዜ ያወጣሁትን ድምፅ ከዚያ በፊት የሰማሁት ከሚታረድ ከብት ብቻ ነው። «ደግ አደረግህ» ያለኝ ሰውዬ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

መሰረት ስንቅ ይዛ መጣች። አላለቀሰችም፤ ቢጫ ፖስታ ይዛለች።

«ስልክህን ፖሊሶቹ አሳዩኝ» አለች። «ሦስት ጊዜ ደውሎልሃል። ልጁ ነው።»

«ምን ፈልጎ?»

«ፎቶህን አይቶ። ሮጦ ዶክተሯን ጠርቷት፣ ‹ይህን ሰው ዛሬውኑ መልሰው› ብላው፣ ሲደውልልህ ነው የደረስክበት። ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲጭኑት እንኳ፣ ጭንቅላቱ ተጠቅልሎ፣ ‹የሰውዬውን ፎቶ ከኮምፒውተሩ አትመው ለሚስቱ ይስጧት› እያለ ነበር።»

ከፖስታው ወረቀት አወጣች። ብርቱካን መልክ ያለው ክብ ነገር ነው፣ ቀያይ ሥሮች የተዘረጉበት። የቀኝ ዓይኔ እዚህም እዚያም ነጥብ አለበት። በግራው ላይ ግን ሥሮቹ አንድ ቦታ እንደተበጠበጠ ክር ተጥመልምለዋል፤ ዙሪያቸው ደም ጤዛ ጤዛ ብሏል። መሰረት ዶክተሯ ያለቻትን ደገመችልኝ፦ ስኳሩ አዳዲስ ደካማ ሥሮች አብቅሎብሃል፤ አሁን ምንም አይሰማህም፣ ሲፈነዱ ግን መጋረጃ ይወርድብሃል፤ ሳይፈነዱ በጨረር ከተያዙ ዓይንህ ይተርፋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ይህን ግን ከሐኪም በላይ አውቀዋለሁ። ስንት በሬ በእግሩ እየተጎማለለ መጥቶ፣ ሆዱ ሲከፈት ጉበቱ በነጠብጣብ ተበልቶ አይቻለሁ! ሁልጊዜ «ምነው ከነነፍሱ ውስጡን ማየት ቢቻል» እል ነበር። ያ ልጅ የኔን ውስጥ ከነነፍሴ አየልኝ፤ እኔ ደግሞ የምሥራቹን በብረት መለስኩለት።

በአራተኛው ቀን በዋስ ወጣሁ። መሰረት በቀጥታ አዲስ አበባ ወስዳኝ ግራ ዓይኔ በጨረር ተተኮሰ። ስለ ቶላ የሰማሁትም እዚያው ነው። ከተመታ በኋላ በቀኝ ዓይኑ ብልጭ ብልጭ ይልበት ጀመር። ክሊኒካቸው ያለው ማሽን ባይሰበር ኖሮ ያን ዕለት የዓይኑን ግድግዳ አንስቶ ስንጥቁን ያሳይ ነበር፤ እኛ ከስክሰነዋል። ሆስፒታሉ ደግሞ ጭንቅላቱን ሰፍቶ፣ ዓይኑን ለማየት ወረፋ አስይዞት ነበር። ተራው ሲደርስ ስንጥቁ ሰፍቶ ሬቲናው መላቀቅ ጀምሯል። ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

ፍርድ ቤቱ የራሱን ሲሠራ፣ ሐጂ ከድር ሽማግሌ ሰበሰቡ። ጃርሱማው፣ የሽማግሌዎቹ የዕርቅ ሸንጎ፣ የተቀመጠው ፉሪ፣ የቶላ ወንድም ግቢ ውስጥ ነው። ለይቅርታ እርጥብ ሣር ይዤ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ከኋላዬ ታምሩና ድንጋይ የወረወሩት ቆመዋል። የቶላ አባት ኦቦ ገመቹ ከተጂ መጥተዋል፤ ረዥም ገበሬ ናቸው፣ ዱላቸውን ሁለት እጃቸው ሥር አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ቶላ አጠገባቸው ቀኝ ዓይኑ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ፊቱን አጥርቼ ያየሁት ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «እኔ ብሆን» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ «ዓይን በዓይን እል ነበር። ጠባሳው የሱ ነው፤ ካሳውን እሱ ይናገር። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ትላለህ?»

ቶላ ጎሮሮውን ጠረገ። «ጠብታውን እንደገና ያድርጉ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ማሽኑ ይጠገናል። ሲጠገን ጋሼ ጌታቸው ይምጡ። ታምሩም፣ ድንጋይ የወረወሩትም ሁሉ ይምጡ። በር ተከፍቶ፣ ሰው እያየ ጠብታ ይግባባቸው፣ ፎቶ ይነሱ፤ እስኪለቃቸው ድረስም በረንዳው ላይ ይዋሉ።»

«ይሄ ካሳ ነው እንዴ?» አሉ አባትየው።

«አባቴ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ለዓይን ፎቶ የመጣ አንድ ሰው የለም። ‹ጠብታው ዓይን ያጠፋል› የሚለው ወሬ ሰበታን አልፎ እናንተ ዘንድ ተጂ ደርሷል። ስኳር ያለበት ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ይታወራል። የኔ ይብቃ።»

ኦቦ ገመቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔም ሣሩን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ደግሜም ደጋግሜም አለቀስኩ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ካሳችንን ከፈልን። የሰበታ ሰው ሠርግ ያለ ይመስል ክሊኒኩን ከበበው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቶላ ጠብታውን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ ጌታቸው፣ ይሄ ጠብታ ብሌንዎን ይከፍተዋል። ለጥቂት ሰዓት ቅርብ ያለ ነገር አይታይዎትም፤ ፀሐይም ይከብድዎታል። ማታ ላይ ይለቅዎታል። ገብቶዎታል?»

«አልገባኝም» አልኩ። «ድገምልኝ።»

ደገመልኝ። ጮክ ብሎ፣ በሩ ላይ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ደገመው።

ቀኑን ሙሉ ዓይናችን ፈጦ በረንዳው ላይ ተደርድረን ዋልን፤ ሕፃናት ሳቁብን። ታምሩ ምንም አልተገኘበትም፤ እንዴት እንደተንጎራደደ ብታዩት! አንድም ድንጋይ ያልወረወሩት ሐጂ ከድር ግን «እኔም እነሳለሁ» ብለው ተነስተው፣ ያላወቁት ስኳር ሁለቱንም ዓይናቸውን መጉዳት ጀምሮ ተገኘ። በጊዜ ስለተደረሰበት ዛሬም ጨርቃቸውን ራሳቸው ይለካሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ የስልኬን ቁጥሮች ጮክ ብዬ ሳነብ ሰዉ አጨበጨበ። በሚቀጥለው ሰኞ ወረፋው መንገድ ወጣ።

አንባብያን፣ ስኳር ያለባችሁ፣ ወይም ስኳር ያለበት አባት ያላችሁ፣ ለእናንተ የምለው አንድ ነገር ነው። «ያየኛል፣ ደህና ነኝ» አትበሉ፤ እኔም የዝንብ እግር እቆጥር ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሂዱና ታዩ፤ ጠብታው ሲገባም ስልካችሁን ዝጉና የሚነገራችሁን ስሙ። ቁጣችሁም እንደኔ አፍንጫችሁ ላይ ከሆነ፣ ቢያንስ ማታ እስኪሆን አቆዩት።

ፍርድ ቤቱ በገደብ ለቀቀኝ። ግራ ዓይኔ ተረፈ፤ የበሬ ጥርስ ዛሬም እቆጥርበታለሁ። የቶላ ቀኝ ዓይን ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ፊት ለፊቱን ያያል፣ በቀኝ በኩል ያለውን አያይም። ፎቶ ማንሳቱን አልተወም። በየስድስት ወሩ ስሄድ አገጬን ማሽኑ ላይ የሚያስደግፈኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ሳላስበው በቀኙ በኩል ገባሁና ትከሻውን ነካሁት። ዘሎ እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ። እኔ መሆኔን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ እጁ ግን ቶሎ አልወረደም።

አሁን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች በሉካንዳዬ ፊት ሲያልፉ ፊቴን አላዞርም፤ ስማቸውን እየጠራሁ ሰላም እላቸዋለሁ። ክሊኒኩም ስሄድ ሁልጊዜ በግራው በኩል ዞሬ ነው የምገባው። ገና ከበሩ ድምፄን አሰማለሁ፤ «ቶላ፣ ጌታቸው ነኝ» እላለሁ፣ «ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»